ዘጠኝ አሸንፎ የተባረረው አሰልጣኝ

(በአሜሪካ ለምንኖር የስፖርት ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁና በተለይ እናንተን አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ነው። እኛ ተወልደን ያደግንበትን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ያችን በእጅ የምትያዘውን፣ ሁለት ጫፏ ሾል ያለውን ኳስ ነው። አንዳንዶቻችሁ ልጆቻችሁ ስለሚያዩት አብራችሁ ታያላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ቅዳሜ መንገዱ ሲዘጋጋ ብቻ ነው ጨዋታ መኖሩን የምታውቁት። ለሁላችሁም በሚገባ መንገድ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። 40 ዓመት ሙሉ ሲያሸንፍ የኖረ ቡድን እንዴት ይወድቃል?

“አሰልጣኝ ስለቀየሩ” የሚለው መልስ አፍ ላይ ይመጣል። ግን አሰልጣኝ በየዓመቱ፣ በየዩኒቨርሲቲው ይቀየራል። አንዱ ቀይሮ ይነሳል፣ ሌላው ቀይሮ ይወድቃል። እኔ ብዙ ሳስብበት የደረስኩበት ይህ ነው። ዋና አሰልጣኝ ሲባረር አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚወጣው። አብሮት የሚወጣ ሙያ አለ። ያንን ሙያ ቆጥሮ ሳያውቅ በሩን የከፈተ ዩኒቨርሲቲ፣ ምን እንዳጣ የሚገባው ከዓመታት በኋላ ነው። የገባው ቀን ደግሞ ሌላ አሰልጣኝ ያባርራል።

ይህን የምናይበት ምሳሌ ነብራስካ ነው።

ነብራስካ በአሜሪካ መሃል ያለች፣ በቆሎና ከብት የሞላባት ግዛት ናት። ሕዝቧ እንዳለ 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። የፕሮፌሽናል ፉትቦል ቡድን የላትም። ያላት የዩኒቨርሲቲው ቡድን ነው። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ሊንከን ከተማ ያለው ሜሞሪያል ስታዲየም ሲሞላ፣ ከኦማሃና ከሊንከን ቀጥሎ የግዛቷ ሦስተኛ ትልቅ ከተማ ይሆናል። ትኬቱ ከኖቬምበር 1962 ጀምሮ በየጨዋታው ተሸጦ እያለቀ ነው። የተጋጣሚ ቡድን አሸንፎ ሲወጣ እንኳ ተመልካቹ ቆሞ ያጨበጭብለታል። እንዲህ ዓይነት ሕዝብ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፣ የነብራስካ ገጠር ልጅ። የስታዲየም ወንበራቸው ከአያቱ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ እሱ የተላለፈ ነው። የእርሻ መሬት እንደሚወረስ ማለት ነው። ስለ ቡድኑ ሲያወራ “እኛ” ነው የሚለው። “እኛ በ1995 ማንም አልቻለንም ነበር” ይላል። 2003ን ያነሳሁበት ቀን ግን የያዘውን ሳንድዊች አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያለው የምሳ ሰዓት በሙሉ በዚያ ወሬ አለቀ። የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ምሳ ነው የጀመረው ብል አልዋሸሁም።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1962 ነው። ቦብ ዴቫኒ የሚባል አሰልጣኝ ወደ ሊንከን መጣ። በ1970 እና በ1971 ቡድኑን የአገር ሻምፒዮን አደረገው። በ1973 ከውጭ ሰው ሳይፈለግ ቡድኑን ለራሱ ረዳት ለቶም ኦዝቦርን አስረከበ። ኦዝቦርን 25 ዓመት አሰለጠነ። 255 አሸነፈ፣ 49 ተሸነፈ፣ 3 አቻ ወጣ። በነዚያ 25 ዓመታት ከ9 ድል በታች ያገኘበት አንድም ዓመት የለም። በ1994 እና በ1995 ሻምፒዮን ሆነ። በ1997 ደግሞ ከሚሺጋን ጋር ተጋርቶ ሦስተኛውን አገኘና ጡረታ ወጣ።

ቁጥሩ ሲነበብ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ የነበረ ይመስላል። አልነበረም። ኦዝቦርን ሥራውን በጀመረባቸው የመጀመሪያ 5 ዓመታት ዋናውን ባላንጣ ኦክላሆማን አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም። በተከታታይ 5 ጊዜ ተሸነፈ። ዛሬ ቢሆን ሦስተኛው ላይ ስሙ በየሬዲዮው ይቀቀል ነበር።

ከዚያ ደግሞ የጃንዋሪ 1984ቱ ኦሬንጅ ቦውል አለ። ቦውል የሚባለው የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ጥሩ ውጤት ያላቸው ቡድኖች የሚጋበዙበት ጨዋታ ነው። ነብራስካ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፍ ቆይቶ ከማያሚ ጋር ይጫወታል። ጨዋታው ሊያልቅ 48 ሰከንድ ሲቀረው ነብራስካ አገባ፣ ውጤቱ 31 ለ30 ሆነ። በእግር መትቶ አንድ ነጥብ ቢጨምር አቻ ይወጣል፣ በአቻው ዋንጫውን የማግኘት ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው። ኦዝቦርን አልፈለገም። ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ ሞከረ። ኳሷ በማያሚ ተከላካይ ጣት ተነካችና ወደቀች። ተሸነፈ። ማንም አላባረረውም። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው በ22ኛው ዓመቱ ነው። 22 ዓመት!

በነዚያ ዓመታት ምን ተገነባ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በኋላ የሚጠፋው ይሄ ነው።

ኦፕሽን የሚባለውን አጨዋወት በቅርብ ላሳያችሁ። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራው ልጅ፣ ኳሷን ይቀበልና ወደ ጎን መሮጥ ይጀምራል። ከኋላው ጥቂት ሜትር ርቆ ሌላ ሯጭ እኩል ይሮጣል። ከፊታቸው አንድ ተከላካይ አለ፤ ሆን ብለው ማንም ሳይነካው ትተውታል። ኳርተርባኩ ዓይኑን እሱ ላይ ይተክላል። ተከላካዩ ወደሱ ከመጣ ኳሷን ለሯጩ ወርወር ያደርጋታል። ወደ ሯጩ ካደላ ደግሞ ራሱ ይዟት ጥሶ ይገባል። ለመወሰን አንድ ሰከንድ አይሞላም። ግንባር ላይ ያሉት አምስቱ ግዙፍ ልጆችም እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ በጣት ስፋት ልክ ተምረውታል። አንዱ ግማሽ እርምጃ ከዘገየ ነገሩ ይበላሻል።

ይህን ለመልመድ ዓመታት ይወስዳል። የሚያስተምር ሰውም ዓመታት መቆየት አለበት። ነብራስካ ይህ ነበረው። የግንባር ተጫዋቾችን የሚያሰለጥነው ሚልት ቴኖፒር ከ1974 እስከ 2002 እዚያው ቆየ። መከላከሉን የሚመራው ቻርሊ ማክብራይድ ከ1977 እስከ 1999። የክብደት ማንሻውን ክፍል ቦይድ ኤፕሊ የጀመረው በ1969 ነው፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ክብደት ማንሳት ተጫዋች ያዘገያል ብሎ በሚፈራበት ጊዜ። በየገጠሩ ደግሞ ዎክ-ኦን የሚባሉት ነበሩ። ያለ ስኮላርሺፕ፣ በገዛ ገንዘባቸው ተመዝግበው ቡድኑን የሚቀላቀሉ የገበሬ ልጆች ናቸው። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሰለፉ ክብደት ሲያነሱ፣ ልምምድ ላይ ሲገፉና ሲገፈተሩ ይቆያሉ። አራተኛው ዓመት ላይ ከእነሱ አንዳንዱ ቋሚ ተሰላፊ ይሆናል።

ልብ በሉ። ነብራስካ ውስጥ እንደ ቴክሳስና ፍሎሪዳ በየሰፈሩ ፈጣን ልጅ አይገኝም። ያለው ጠንካራና ታጋሽ ልጅ ነው። አጨዋወቱ በዚያ ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር።

ኦዝቦርን ሲወጣ ቡድኑን ለፍራንክ ሶሊች ሰጠ። ሶሊች በ1960ዎቹ ለዴቫኒ የተጫወተ፣ ከ1979 ጀምሮ የኦዝቦርን ረዳት የነበረ ሰው ነው። የቤት ልጅ ነው። በ1999 12 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸነፈ፣ ነብራስካ ያኔ የነበረበትን ሊግ፣ የቢግ 12ን ዋንጫ ወሰደ። በ2001 ኳርተርባኩ ኤሪክ ክራውች፣ የኦማሃ ልጅ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሃይዝማንን አገኘ። ቡድኑ ለአገር ዋንጫ ደረሰ።

ግን እዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ስንጥቁ ታየ። በኮሎራዶ 62 ለ36፣ በዋንጫው ጨዋታ ደግሞ በማያሚ 37 ለ14 ተሸነፈ። በ2002 ውጤቱ 7 ድል በ7 ሽንፈት ሆነ። 40 ዓመት የዘለቀው ከሽንፈት ይልቅ ድል የሚበዛበት ዘመን ቆመ። ሶሊችን የነቀፉት ሰዎች ያለ ምክንያት አልነቀፉትም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ሶሊች ምን አደረገ? ከረዳቶቹ የተወሰኑትን ቀየረ። መከላከሉን እንዲመራ ቦ ፔሊኒ የሚባል ወጣት አሰልጣኝ አመጣ። በ2003 ቡድኑ 9 አሸነፈ፣ 3 ተሸነፈ። ሦስቱ ሽንፈቶች ሰፊ ነበሩ፤ በካንሳስ ስቴት በሜዳው 38 ለ9 ተመትቷል። ቢሆንም ከ7 ወደ 9 ወጥቷል። ጥገናው ተጀምሯል። ኖቬምበር 28 ኮሎራዶን ከሜዳው ውጭ አሸነፈ። ኖቬምበር 29 ሶሊች ተባረረ።

ያባረረው የስፖርት ዳይሬክተሩ ስቲቭ ፒደርሰን ነው። እሱም የነብራስካ ልጅ ነው፣ ለቡድኑ ክፉ አላሰበም። ቡድኑ ወደ መካከለኛነት ሲንሸራተት ቆሜ አላይም አለ። 9 ድል ለነብራስካ አይበቃም ማለቱ ነው። ኦዝቦርን ራሱ ግን 9 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ያጠናቀቀባቸው ዓመታት ጥቂት አልነበሩም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ፒደርሰን ያባረረው የሚተካውን ሰው በእጁ ሳይዝ ነው። ፍለጋው 40 ቀን ገደማ ፈጀ። በዚህ መሃል ፔሊኒ ለጊዜው ቡድኑን ይዞ አላሞ ቦውል ላይ ሚሺጋን ስቴትን 17 ለ3 አሸነፈ። ቋሚ ሥራውን ግን አልሰጡትም። በጃንዋሪ 2004 የኦክላንድ ሬይደርስ አሰልጣኝ የነበረው ቢል ካላሃን መጣ። ካላሃን በፕሮፌሽናሉ ሱፐር ቦውል ድረስ የደረሰ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ችግሩ የእሱ ሙያ ሌላ ሙያ መሆኑ ነው። ኳስ በመወርወር የሚጫወት፣ ውስብስብ የሆነ የፕሮፌሽናል አጨዋወት ይዞ መጣ። ኦፕሽኑ ተጣለ።

አሁን ሜዳው ላይ ያሉትን ልጆች አስቧቸው። አንድ የኮሌጅ ተጫዋች መጫወት የሚችለው 4 የውድድር ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ቡድን 85 ስኮላርሺፕ ነበረው። እነዚያ ልጆች የተመለመሉት በሶሊች ዘመን፣ ለኦፕሽን ነው። ኳርተርባኩ የተመረጠው በእግሩ ነው፤ አሁን በክንዱ ይዳኛል። የግንባሩ ልጅ ወደፊት ተወርውሮ መምታት ነው የተማረው፤ አሁን ወደኋላ እየተራመደ ወርዋሪውን እንዲጠብቅ ይታዘዛል። ልጁ ሰነፍ አልሆነም። በአንድ ክረምት ውስጥ ሙያው ዋጋ አጣበት።

ምልመላውስ? አዳዲስ ተጫዋቾች የሚፈርሙት በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ነበር። ካላሃን ሥራውን ሲይዝ አንድ ወር እንኳ አልቀረም። ከዚያ በፊት ባሉት 40 ቀናት ሌሎች አሰልጣኞች በየልጁ ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ከእናቱ ጋር ቡና ይጠጣሉ። ነብራስካን ወክሎ የሚሄድ ግን፣ ነገ ሥራ ይኑረው አይኑረው የማያውቅ ረዳት ነው። እናቲቱ “ልጄን ማን ነው የሚያሰለጥነው?” ብላ ስትጠይቀው ምን ይመልሳል? እነዚያ ረዳቶች ሲበተኑ ደግሞ በየከተማው የሚያውቋቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኞች፣ 20 ዓመት የተገነባ መተማመን፣ አብሮ ሄደ። ይህ በበጀት ላይ አይጻፍም።

ውጤቱ ወዲያው መጣ። በ2004 ቡድኑ 5 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። ከ1961 ወዲህ ሽንፈት የበለጠበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። 35 ዓመት ሳይቋረጥ ሲሄድበት የነበረው የቦውል ጨዋታ ቀረ። በቴክሳስ ቴክ 70 ለ10 ተሸነፈ፤ በቡድኑ ታሪክ ከዚያ የሰፋ ሽንፈት የለም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ መሃል ላይ ተስፋ ነበረ። በ2005 8፣ በ2006 9 አሸነፈ። ሰው “ተሻለን” አለ። በ2007 ግን ሁሉም ተናደ። ካንሳስ፣ ነብራስካ 36 ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው ካንሳስ፣ 76 ነጥብ አስቆጠረበት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ፒደርሰንም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተባረረ፣ ካላሃን ኖቬምበር ላይ። ቤቱን እንዲያረጋጋ ኦዝቦርን የስፖርት ዳይሬክተር ሆኖ ተመለሰ።

ኦዝቦርን በ2003 ሥራውን የተነፈገውን ፔሊኒን አመጣ። ፔሊኒ 7 ዓመት ቆየ። በየዓመቱ 9 ወይም 10 አሸነፈ፣ ከመጨረሻው በቀር በየዓመቱም 4 ተሸነፈ። ቁጡ ነበር፣ ትልልቁን ጨዋታ አያሸንፍም ይባል ነበር፣ በ2012 በአዲሱ ሊግ፣ በቢግ ቴን፣ የዋንጫ ጨዋታ በዊስኮንሰን 70 ለ31 የተሸነፈውም አልተረሳለትም። ኖቬምበር 30 ቀን 2014 ሌላ የስፖርት ዳይሬክተር፣ ሾን አይክሆርስት፣ አባረረው። የዚያን ዕለት ውጤቱ ስንት ነበር? 9 ድል፣ 3 ሽንፈት። ያው ቁጥር፣ ከ11 ዓመት በኋላ።

ቀጥሎ የመጣው ማይክ ራይሊ ጨዋና የተከበረ ሰው ነው፤ በሦስት ዓመት 19 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። አጨዋወቱ እንደገና ተቀየረ። ልጆቹም እንደገና ከዜሮ ጀመሩ።

በዲሴምበር 2017 ደግሞ ነብራስካ በደስታ አበደች። ስኮት ፍሮስት መጣ። የ1997ቱ ሻምፒዮን ቡድን ኳርተርባክ ነው፣ የግዛቷ ልጅ ነው፣ በፍሎሪዳ ዩሲኤፍ የሚባለውን ቡድን በዚያው ዓመት አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የመራ ነው። ከዚህ የተሻለ ምርጫ ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው እምብዛም አልነበረም። እኔም በዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ፍሮስት 16 አሸነፈ፣ 31 ተሸነፈ። በ2021 ከተሸነፋቸው 9 ጨዋታዎች አንዱም ከ9 ነጥብ በላይ ልዩነት አልነበረውም። ይህ ቁጥር ለኔ ከ70 ለ10ሩ ይልቅ ያሳዝናል። ልጆቹ አቅም አላቸው። የጎደለው በመጨረሻዋ ደቂቃ እግር የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ፣ ያ የድሮው ልማድ ነው። ፍሮስት የተማረበት ቤት በስሙ ብቻ ነበር የቆየው። የሚያውቃቸው ረዳቶች የሉም፣ የዎክ-ኦኑ ሰልፍ ሳስቷል፣ የቀድሞው የክብደት ክፍል ሥርዓት ተቀይሯል።

በሴፕቴምበር 2022 በጆርጂያ ሳዘርን ተሸንፎ በማግስቱ ተባረረ። የስንብት ክፍያው 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እስከ ኦክቶበር 1 ቢጠብቁ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ሦስት ሳምንት መታገስ 7 ሚሊዮን ተኩል ያተርፍ ነበር፤ አልታገሡም።

እስቲ ቆጠራውን አብረን እናድርግ። ከ1962 እስከ 2003፣ 42 የውድድር ዘመን፣ 3 አሰልጣኝ። ከ2004 እስከ 2023፣ 20 የውድድር ዘመን፣ 5 ቋሚ አሰልጣኝ። ነብራስካ ለመጨረሻ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ1999 ነው፤ በዚያ በተባረረው ሰው ዘመን።

“ሶሊች ባይባረርም ነብራስካ መውደቁ አይቀርም ነበር” የሚል ሰው አለ፣ ክርክሩም ባዶ አይደለም። የስኮላርሺፕ ቁጥር በ1970ዎቹ 105 ነበር፤ በ1990ዎቹ ወደ 85 ወርዷል። ጎበዝ ልጆችን ሰብስቦ ወንበር ላይ ማቆየት ቀርቷል። ቴሌቪዥኑ ሁሉንም ቡድን ማሳየት ጀምሯል፣ ስለዚህ የቴክሳስ ልጅ ለመታየት ብሎ ሊንከን ድረስ መምጣት አያስፈልገውም። በ2011 ወደ ቢግ ቴን ሲዛወር ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ የነበረው የምልመላ መስመር ላላ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ነፋሱ የበረታበት ቤት ምሰሶውን ይጠብቃል እንጂ አይነቅልም።

በ2013 አድለር፣ ቤሪ እና ዶኸርቲ የሚባሉ ሦስት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። አሰልጣኝ የቀየሩ የኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖችን፣ ተመሳሳይ ውጤት እያላቸው ካልቀየሩ ጋር አወዳደሩ። በጣም የወደቀ ቡድን አሰልጣኝ በመቀየሩ ብዙም የተለየ ነገር አላገኘም። መካከለኛ የሆነው ቡድን ግን ሲቀይር፣ ካልቀየረው ጓደኛው ይልቅ የባሰ ውጤት አመጣ። እኔ ይህን ሳነብ የገረመኝ፣ ብዙ ጊዜ ሰው “ይቀየር!” ብሎ የሚጮኸው መካከለኛ ቡድን ላይ መሆኑ ነው። የወደቀውማ ጩኸትም አያገኝም።

የሚቃረነኝን ምሳሌም ላምጣ። ኖቬምበር 29 ቀን 2015፣ ሶሊች በተባረረ ልክ በ12 ዓመቱ፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሪክትን አሰናበተ። ሪክት 15 ዓመት የቆየ፣ 145 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው። የዚያ ዓመት ውጤቱም 9 ድል በ3 ሽንፈት ነበር። ቀኑም ቁጥሩም አንድ ነው። “ጆርጂያም አለቀላት” ያለ ሰው ተሳስቷል። ከርቢ ስማርት መጣ፣ በ2021 እና በ2022 በተከታታይ የአገር ሻምፒዮን ሆነ።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ጆርጂያ ማንን እንደሚፈልግ አውቆ ነው የቀየረው። ስማርት ለዚያው ቡድን የተጫወተ፣ በአላባማ በአሰልጣኝ ኒክ ሴበን ሥር የመከላከል ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። ሲመጣ ሥራው ዕረፍት አላገኘም፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ተተካ። ግዛቷ ራሷ የተጫዋች ምንጭ ናት፤ አትላንታ ዙሪያ ብቻ ያለው ልጅ ስንት ቡድን ይሞላል። የሄደው ሙያ በሌላ፣ በቅርብ ባለ ሙያ ተተካ። የመጀመሪያው ዓመትም ጥሩ አልነበረም፤ 8 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ታገሡት።

ነብራስካ እንዲህ ዓይነት ሜዳ አልነበረውም። እዚያ ሙያው ራሱ ነበር ሀብቱ። አትላንታ የለውም፣ ባሕር ዳርቻ የለውም፣ ክረምቱ አጥንት ይሰብራል።

ቴኔሲንም በአጭሩ ላንሳ። በ1998 ሻምፒዮን ያደረገውን ፊሊፕ ፉልመርን በ2008 አሰናበተ። ተተኪው ሌን ኪፊን አንድ ዓመት ብቻ ሠርቶ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ከዚያ ሦስት አሰልጣኝ ተፈራረቀ። የድሮ ባላንጣውን አላባማን እንደገና ለማሸነፍ እስከ ኦክቶበር 2022 ጠበቀ፤ 52 ለ49። አንድ ሙሉ ትውልድ ተማሪ ያን ደስታ ሳያይ ተመርቋል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እዚህ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ በዚህ አገር ትምህርት ቤት ያድጋሉ። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ፈጣን ነው። አንድ ቀን አንድ አሰልጣኝ ቤታችሁ መጥቶ ሶፋችሁ ላይ ይቀመጥ ይሆናል። ፉትቦልም ይሁን ሩጫ፣ እግር ኳስም ይሁን ቅርጫት ኳስ፣ ነገሩ አንድ ነው። ስለ ስታዲየሙ ይነግራችኋል፣ ፎቶ ያሳያችኋል። እናንተ ግን ይህን ጠይቁት። ልጄን በየቀኑ የሚያሰለጥነው ረዳት ስንት ዓመት እዚያ ሠርቷል? የእናንተስ ኮንትራት መቼ ያልቃል? እናንተ ብትሄዱ የልጄ ስኮላርሺፕ ምን ይሆናል? መልሱን በጽሑፍ አምጡልኝ በሉት። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። አሰልጣኙ ሲባረር ሚሊዮን ይዞ ይወጣል። ልጃችሁ የሚቀረው ባልመረጠው ሰው እጅ ነው።

ዛሬ ልጆቹ መሄድ ይችላሉ። ከ2018 ጀምሮ የዝውውር ፖርታል የሚባል አለ፤ አሰልጣኝ ሲሄድ ደግሞ ለተጫዋቾቹ ልዩ የዝውውር ጊዜ ይከፈታል። ይህ ለልጁ መልካም ነው፣ እኔ እደግፈዋለሁ። ለቡድኑ ግን መፍረሱን ያፋጥነዋል። ድሮ ሦስትና አራት ዓመት የሚፈጀው መበተን አሁን በአንድ ወር ያልቃል። ስለዚህ “እናባርር” የሚለው ቃል ዋጋው ከሶሊች ዘመን ይልቅ ዛሬ ከብዷል።

ነብራስካ አሁን ማት ሩልን ይዟል። በ2024 7 አሸነፈ፣ ከ2016 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቦውል ሄዶ ቦስተን ኮሌጅን 20 ለ15 ረታ። ሰባት ድል። በ2002 ሰባት ድል ውርደት ነበር። በ2024 ሰው በደስታ አለቀሰ።

ፍራንክ ሶሊችስ? ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የሚባል፣ ፉትቦሉን ብዙ ሰው የማያውቀው ቦታ ሄደ። ከ2005 እስከ 2020 ቆየ። 115 ጨዋታ አሸነፈ፣ በዚያ ሊግ ታሪክ ከሁሉም አሰልጣኝ የበለጠ። አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ 16 የውድድር ዘመን።

ወደ ሜሞሪያል ስታዲየም ለ20 ዓመት ያህል አልተመለሰም። በኤፕሪል 2023 ሩል ሥራ በጀመረበት የመጀመሪያው የጸደይ ጨዋታ ላይ ክብር እንዲሰጠው ተጋበዘ። 78 ዓመቱ ነበር። በወጣትነቱ የሮጠበት ሜዳ ላይ ወጣ። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት። ባልደረባዬ ያን ቀን ከልጁ ጋር በቴሌቪዥን ሲያይ ነበር። ልጁ “አባ፣ ሰውዬው ማን ነው?” ብሎ ጠየቀው።